አበባ ወደ ድሬዳዋ፦ ትእዛዙ ይጓዝ፣ ተክሉ እዚያው ይደግ

በኢትዮጵያ ከተሞች ለወዳጅ አበባ የመስጠት ልማድ እየሰፋ መምጣቱን በምረቃ ሰሞን በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ የሚደራው የእቅፍ አበባ ገበያ፣ የሠርግ አዳራሾችና የሙሽራ መኪኖች ማስጌጫ፣ እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለወላጆቻቸው ኬክና አበባ አዝዘው በተወካይ በኩል ቤት ድረስ የሚያስደርሱበት አሠራር በግልጽ ያሳያሉ። ልማዱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች በተዛመተበት ፍጥነት ግን አበባውን ትኩስ እንደ ሆነ ለተቀባዩ የሚያደርስ አሠራር አልተዘረጋም፤ ጉድለቱም ከመናገሻ ከተማዋ በራቁና ሙቀት በሚበረታባቸው ቆላማ ከተሞች ላይ ይከፋል። ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በከተማዋ 233,224 ሰዎች መኖራቸው ስለ ተመዘገበ ድሬዳዋን በሕዝብ ብዛት ትንሽ ከተማ ማለት አይቻልም፤ በአበባ ንግድ ሚዛን ስትታይ ግን የትንሽ ከተማ ችግር ሁሉ አለባት፤ አበባው የሚመረትበት ቦታ ሩቅ ነው፣ ገዢው በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ ይበዛና በሌሎቹ ቀናት ይጠፋል፣ ላኪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ስለሚኖር የተላከው ዕቃ በምን ሁኔታ እንደ ደረሰ በዐይኑ አያይም።

ጉዳዩ የቅንጦት ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ዕፀዋትን የመልካም ምኞት መግለጫ ማድረግ በኢትዮጵያ ከእቅፍ አበባ ንግድ በፊት የነበረ ነው። በዘመን መለወጫ ልጃገረዶች እየጨፈሩ ለየቤቱ ለምለም ሣርና አደይ አበባ ያበረክታሉ፣ ወንዶች ልጆች አበባ የሣሉበትን ወረቀት ለአባወራና ለእማወራ ይሰጣሉ፣ ለእንግዳና ለቡና ሲባል ቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ጤና አዳም፣ አሪቲ ወይም በሶብላ ከነሥሩ ነቅሎ ወይም ገንጥሎ ይሰጣል። በተለይ ይህ የመጨረሻው ልማድ፣ ከአንዷ ደጃፍ የተገነጠለው ቅርንጫፍ በሌላዋ የዘይት ጣሳ ውስጥ ሥር ሰድዶ ለዓመታት የሚኖርበት ልማድ፣ ስለ ስጦታ አበባ በሚነገረው ሁሉ እምብዛም ትኩረት አላገኘም። የዚህ ሐተታ መነሻ ሐሳብም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለድሬዳዋ ሰው የሚገባው ስጦታ በከተማዋ አየር የሚኖር፣ በከተማዋ ሰው እጅ ያደገ ሕያው ተክል ነው፤ ከሩቅ መምጣት ያለበትም ትእዛዙና ገንዘቡ ነው እንጂ አበባው አይደለም።

የተቆረጠ አበባ፣ ማለትም ከነግንዱ ተቀጥፎ ለእቅፍና ለቫዞ የሚዘጋጀው አበባ፣ ከእናት ተክሉ ቢለይም ሕይወቱ ወዲያው አያበቃም፤ በውስጡ ያጠራቀመውን ስኳር እያቃጠለ መተንፈሱን ይቀጥላል። የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ይህ አተነፋፈስ በግምት እጥፍ ወይም ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ አበባው ለቀናት ሊያቆየው የሚችለውን ስንቅ በሰዓታት ይጨርሳል ማለት ነው። ጽጌረዳ ላኪዎች ምርታቸውን ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ከዜሮ ብዙም ባልራቀ ቅዝቃዜ የሚያቆዩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ከእርሻው ማቀዝቀዣ ክፍል እስከ ማቀዝቀዣ መኪና፣ ከዚያም እስከ አውሮፕላን ጣቢያ መጋዘን ሳይቋረጥ የሚዘልቀው ይህ አያያዝ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይባላል። በአበባ ላኪነት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀሰው ኢትዮጵያ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ የምታመርተው ጽጌረዳ በዚህ ሰንሰለት ታግዞ ሆላንድ ድረስ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። ያው ጽጌረዳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ድሬዳዋ ለመድረስ ሲነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጅበው ሰንሰለት የለም፤ በካርቶን ታሽጎ ከሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም ከሆዱ ውስጥ ይጫናል፣ አዋሽን ተሻግሮ የበረሃውን ሙቀት ይቀበላል፣ በመጨረሻም ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደሚደርስባት ከተማ ይገባል። የምረቃው ሰሞን፣ ማለትም አበባ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለግበት ወቅት፣ ከዚሁ የሙቀት ወቅት ጋር መግጠሙ ችግሩን ያባብሰዋል።

ከሙቀቱ ሌላ ብዙ ላኪዎች የማያውቁት ሁለተኛ ጠላት አለ። የሚበስሉ ፍራፍሬዎች ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህ ጋዝ ፍሬን የሚያበስል፣ አበባን ደግሞ የሚያስረጅ በመሆኑ ከሙዝ፣ ከማንጎ ወይም ከፓፓያ ጋር በአንድ ዝግ ቦታ የተጫነ አበባ ቅጠሉን ቶሎ ያረግፋል። ድሬዳዋና አካባቢዋ የፍራፍሬ አገር እንደ መሆናቸው አንድ ዘመድ ለታማሚ የሚወስደውን ፍሬና አበባ በአንድ ፌስታል ወይም በአንድ ካርቶን አድርጎ ቢልክ የሚያስገርም ነገር አይሆንም፤ ውጤቱ ግን ፍሬው ደኅና ደርሶ አበባው መሞቱ ነው። ይህ ሁሉ ሲደማመር ሻጩ ኪሳራን ይፈራል፣ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል ወይም የላስቲክ አበባ ወደ መሸጥ ይዞራል። የላስቲክ አበባ አይጠወልግም፣ ሙቀትም አያሳስበውም፤ ነገር ግን በፀሐይ ይነጣል፣ አቧራ ይሸከማል፣ በመጨረሻም ወንዝ ዳር ተጥሎ ይቀራል፤ ለእናት ወይም ለተመራቂ ልጅ ከሚሰጡ ነገሮች ሁሉ ፍቅርን የመግለጽ አቅሙ ያነሰውም እርሱ ነው።

ድሬዳዋ ትኩስ ቅጠልን በፍጥነት የማጓጓዝ ችሎታ የላትም እንዳይባል ከተማዋ በየዕለቱ በዐይኗ የምታየው ማስረጃ አለ። በአወዳይና በሐረማያ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ማሳዎች የሚቀጠፈው ጫት እርጥበቱን እንዲጠብቅ በቅጠል ተጠቅልሎና ታስሮ፣ በተቀጠፈበት ዕለት የደንገጎን ዳገት ወርዶ ድሬዳዋ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ያልፋል። ካቲኖን የተባለው የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ከተቀጠፈ በኋላ በፍጥነት ስለሚዳከም ንግዱ መዘግየትን የሚታገሥበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ቀጣፊው፣ አሳሪው፣ ሹፌሩ፣ ደላላውና ቸርቻሪው እርስ በርስ በሰዓት የተሳሰረ አሠራር ፈጥረዋል። ስለ ጫት ጉዳትና ጥቅም የሚካሄደው ክርክር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ከድሬዳዋ በ50 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋና ከዚያም በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነ ደጋ መኖሩ፣ ከዚያ ደጋ ጠዋት የተቀጠፈ ለምለም ነገር ከቀትር በፊት ከተማው የሚደርስበት መንገድና ልምድ መኖሩ ነው። የግብርና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ደጋ ላይ ይገኛል፤ በድሬዳዋ ከተማም ቶኒ እርሻ በመባል የሚታወቅ የምርምር ጣቢያ አለው። ለድሬዳዋ ሠርግና ምረቃ የሚሆን እቅፍ አበባ የግድ ካስፈለገ ከሆለታ ይልቅ ከሐረማያ ቢመጣ በሙቀት የሚያጠፋው ጊዜ ከአንድ ቀን ወደ አንድና ሁለት ሰዓት ይወርዳል። በደጋው ላይ ጥቂት ገበሬዎች በጓሯቸው ጥግ ጽጌረዳ፣ ዴዚና ግላዲዮለስ ቢያለሙ የከተማዋን ፍላጎት ለመሸፈን ትልቅ የመስታወት ቤት እርሻ አያስፈልግም።

ሩቅ ላለ ሰው አበባ የመላክ ጥያቄ በሌላው ዓለም የተፈታበት መንገድም ለድሬዳዋ የሚጠቅም ትምህርት አለው። በ1910 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አበባ ነጋዴዎች ትእዛዝን በቴሌግራም የሚለዋወጡበት ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1923 እ.ኤ.አ. ደግሞ በብሪታንያ ተመሳሳይ ማኅበር ተመሠረተ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በአንድ ከተማ ያለ ሰው ገንዘቡን በሰፈሩ ላለው አበባ ሻጭ ይከፍላል፣ ሻጩ ትእዛዙን ተቀባዩ በሚኖርበት ከተማ ላለው የሙያ ባልደረባው ያስተላልፋል፣ ያ ባልደረባ በእጁ ካለው ትኩስ አበባ አዘጋጅቶ ያደርሳል፣ ሁለቱ ነጋዴዎች ሒሳባቸውን በኋላ ይተሳሰባሉ። አንድም ዘንግ አበባ ከከተማ ከተማ አልተጓዘም። ሐዋላ የሚያውቀው የድሬዳዋ ነጋዴ ለዚህ አሠራር እንግዳ ሊሆን አይችልም፤ በሐዋላም ብሩ ራሱ ድንበር አያቋርጥም፣ የሚያቋርጠው እምነት የተጣለበት ቃል ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በአገር ውስጥ የክፍያው ጉዳይ እንቅፋት መሆኑ ቀርቷል። የጎደለው በተቀባዩ ከተማ በኩል ትእዛዙን ተቀብሎ በታማኝነት የሚፈጽም፣ ያደረሰውንም ተክል ፎቶግራፍ አንሥቶ ለላኪው የሚያሳይ አበባ ሻጭና ችግኝ አፍይ ነው።

እንዲህ ያለው ሻጭ ምን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ወደ ተክሉ ምርጫ ያደርሳል፤ የዚህ ጉዳይ ዋናው ክፍልም እርሱ ነው። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የቀየሱት የከዚራ ሰፈርም እስከ ዛሬ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የመንገድ ዳር ዛፎቹ ጥላ ነው። ከሕንድ የመጣው ኒምና ከማዳጋስካር የመጣው፣ በቀይ አበባው የሚታወቀውና በአማርኛ የድሬዳዋ ዛፍ የሚል ስም ያገኘው ዛፍ በዚህች ከተማ ሙቀት ውስጥ መብቀላቸው ብቻ ሳይሆን መለያዋ መሆናቸው አንድ ነገር ያመለክታል፤ ከተማዋ አበባ አልባ አይደለችም፣ አየሯ ግን አበባን ይመርጣል። ቡገንቪሊያ በድርቅ ውስጥ ይበልጥ ያብባል። እሬት፣ ማለትም በወፍራም ቅጠሉ ውኃ የሚያጠራቅመው ተክል፣ በሐረርጌ ምድር በርካታ ዝርያዎች አሉት። የጽጌረዳ ተክል ግን በቆላ ሲያድግ አበባው ያንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ የአዲስ አበባን ቤቶች የሚያስጌጡ ሌሎች ለስላሳ ቅጠል ያላቸው ተክሎችም በድሬዳዋ በረንዳ ላይ ብዙ አይቆዩም።

ከሁሉም በላይ ሊነገርለት የሚገባው ግን በዓለም ገበያ የበረሃ ጽጌረዳ እየተባለ የሚሸጠው፣ በሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሱም የሚባለው ተክል ነው። የዕፀዋት ሊቁ የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፔር ፎርስኮል በየመን ባደረገው ጉዞ የመዘገበውና ከሞተ በኋላ በ1775 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተዋወቀው ይህ ተክል ከሳህል አንሥቶ እስከ ዐረብ ባሕረ ገብ መሬት ይገኛል፤ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ድንጋያማ ቆላዎችም አገሩ ናቸው። ምንም እንኳ ጽጌረዳ ተብሎ ቢጠራም ከጽጌረዳ ቤተሰብ አይደለም። ግንዱ ከሥሩ አብጦ እንደ ገንቦ ውኃ ያጠራቅማል፣ ቅጠሉን በድርቅ ያራግፋል፣ ሮዝና ቀይ አበባውንም ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት ያወጣል። ታይላንድና ታይዋን ይህን ተክል በሸክላና በፕላስቲክ ማሰሮ እያሳደጉ፣ ዝርያውን እያዳቀሉ ለዓለም ይሸጣሉ፤ ተክሉ በተፈጥሮ በሚበቅልበት ምድር ያለች ከተማ ግን ከውጭ የመጣ የላስቲክ አበባ ገዝታ ትሰጣለች። ይህ ሊያስቆጭ ይገባል። ተክሉ ከዘር በቀላሉ ይበቅላል፣ አሸዋማ አፈርና ሙሉ ፀሐይ ይበቃዋል፣ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ በስተቀር ውኃ አይፈልግም፤ ለሳምንታት ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ባለቤትም አያሳስበውም። ወተቱ ግን መርዛም ስለ ሆነ፣ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ለቀስት መርዝ እስከ ማገልገል የደረሰ በመሆኑ፣ ሕፃናትና ፍየሎች ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ፣ የነካው እጅም መታጠብ እንዳለበት ሻጩ ለገዢው ሊነግረው ግድ ይላል።

ተክሉን ከተራራው ነቅሎ መሸጥ ግን አይገባም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የመነጨው ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት ተዳፋቶች ነው፤ የተዳፋቶቹ መራቆትም ጎርፉን ካበረቱት ምክንያቶች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያ መሬት ላይ የቀረ ሥር ሁሉ ዋጋ አለው። ስለዚህ የሚሸጠው ከዘር በችግኝ ጣቢያ የተፈላው ብቻ መሆን ይኖርበታል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ለዛፍ ችግኝ የተገኘው የማፍላት ልምድ ለዚህም ያገለግላል። በሌላ በኩል ለውበት ተብለው የገቡ አንዳንድ ተክሎች ከአጥር አምልጠው የግጦሽ መሬት ማጥፋታቸው መረሳት የለበትም፤ በአማርኛ የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ በመሆኑ በማሰሮ ተክሎ በስጦታ መስጠቱ ጎጂ ነው።

የድሬዳዋን የማሰሮ ተክል ከሌሎች ከተሞች የሚለየው፣ ብዙውን ጊዜም የማይነሣው ሌላው ጉዳይ የወባና የሌሎች ትንኝ ወለድ በሽታዎች ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት ተቀሰቀሰ፤ በኢትዮጵያ በወረርሽኝ ደረጃ የተመዘገበው የመጀመሪያው ደንጊም እርሱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያና በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መገጣጠሚያን የሚያሳምመው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አጠቃ። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ናት፤ እርሷም እንደ ሌሎች ትንኞች ረግረግ አትፈልግም፣ በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማ፣ በአበባ ማሰሮ ሥር በተቀመጠ ሳሕን ወይም በቫዞ ውስጥ የረጋ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። እንቁላሏ ውኃው ቢደርቅም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ የተከሠተው የወባ ወረርሽኝ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው፣ ከእስያ መጥታ በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሀር ከተገኘችው፣ በቤት ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያዎችም ከምትራባው የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል።

ይህ ማለት በድሬዳዋ የሚሰጥ አበባ የጤና ጉዳይ ነው ማለት ነው። በቫዞ የተቀመጠ እቅፍ አበባ ውኃው በየሦስትና አራት ቀኑ ሊለወጥ፣ ቫዞውም ሊታሸት ይገባል፤ ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃት ከዚያ በላይ መዘግየት በቤት ውስጥ እርሷን ማርባት ነው። የማሰሮ ተክል ደግሞ ከታች የሚያፈስስ ቀዳዳ ሊኖረው፣ ሥሩ የሚቀመጠውም ሳሕን ውኃ የማይዝ በጠጠር ወይም በአሸዋ የተሞላ ሊሆን ያስፈልጋል። የሸክላ ማሰሮ ላቡን በግድግዳው እያወጣ ሥሩን ስለሚያቀዘቅዝ ከጥቁር ፕላስቲክ ይሻላል። የከተማዋ ውኃ የኖራ ድንጋይ ካለበት ምድር የሚወጣ የጉድጓድ ውኃ በመሆኑ ኖራው በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱን ለማጠብ አልፎ አልፎ ከላይ አትረፍርፎ አጠጥቶ በቀዳዳው እንዲወጣ ማድረግ ይበቃል። ውኃ እምብዛም የማይፈልገው የበረሃው ተክል በዚህ በኩልም ከሁሉ ይመረጣል፤ ትንኝ የምትራባበት ውኃ ሳይረጋ ያብባል።

ሙቀት የማይፈራው ተክል ካለ፣ አንድ ሰዓት ርቀት ላይ ደጋ ካለ፣ ትእዛዝና ገንዘብ የሚተላለፍበት መንገድ ካለ፣ የቀረው የሰው ፈቃድ ነው። የከተማው አስተዳደርና በከተማው ያሉ ሁለት የትምህርት ተቋማት፣ ማለትም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ጣቢያ፣ በቀፊራ ገበያና በሳቢያን ሰፈር ለሚሠሩ ወጣቶች የበረሃ ተክል የማፍላት ሥልጠናና የዘር ምንጭ ቢሰጡ የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው። አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆነው ለድሬዳዋ ዘመዳቸው ስጦታ የሚያስቡ ሁሉም በሚቀጥለው የምረቃ ወይም የዘመን መለወጫ ሰሞን ከተቆረጠ ጽጌረዳ ይልቅ በድሬዳዋ የተፈላ፣ ቀዳዳ ባለው ሸክላ የተተከለ፣ አንድ የአጠጣጥ መመሪያ ወረቀት የታሰረበት ተክል እንዲደርስላቸው ይዘዙ፤ ገበያው ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ከሰማ አፍይውም ሻጩም ይነሣሉ።